ወንድሟን ማን ገደለው?

[ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት። በአንዱ ጥግ የስፌት መኪና፣ በሌላው ኮምፒዩተር። ሰፈሩ “ሊቁ” የሚለው ወጣት ስለ አንዲት ፒያኖ ተጫዋች የሚተርክ አኒሜ የተባለ የጃፓን ተከታታይ የካርቱን ፊልም የመጨረሻ ክፍልን ለመጀመሪያ ጊዜ እያየ፣ ከሥሩ የሚነበብ የአማርኛ ትርጉም (ሰብታይትል) እየጻፈ ነው። ማንም አልቀጠረውም፤ ፍቅሩ ነው። ልብስ ሰፊው የእህቱ ባል ሲሆን፣ ሥራውን ትቶ ከሊቁ ጀርባ ቆሟል። ሊቁ ክፍሉን በአስር ሰዓት ኢንተርኔት ላይ እለቃለሁ ብሎ ለተመልካቾቹ ቃል ገብቷል፤ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል።]

ሰፊው፦ ኧረ ስክሪኑ ላይ የጻፍከውን ስምህን ቀነስ አድርገው! የልጅቷን አፍንጫ ሸፈንከው እኮ።

ሊቁ፦ ጋሼ፣ ሃያ አራት ክፍል ሙሉ የተረጎመ ሰው ስሙ ቢታይ ምናለበት?

ሰፊው፦ እኔ ስንት ሱሪ ሰፍቻለሁ፤ ስሜን ጉልበቱ ላይ ጽፌ አላውቅም።

ሊቁ፦ ያ ሱሪ ነው፣ ይሄ ጥበብ ነው።

ሰፊው፦ እሺ ጥበበኛው፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ወንድሟን መልስልኝ።

ሊቁ፦ የቱን ወንድሟን?

ሰፊው፦ ቫዮሊን የሚጫወተውን፣ ዘጠነኛው ክፍል ላይ የሞተውን። እሱ የሞተ ቀን እንባዬ ጋርዶኝ የሰው ሱሪ አንድ እግሩን ሰፍቼ ደፈንኩት።

ሊቁ፦ [እየተንከተከተ] ጋሼ፣ በሳቅ ልትገለኝ ነው! ታሪኩን የምጽፈው እኔ መሰልኩህ?

ሰፊው፦ ታዲያ ማን ነው? ሁልጊዜ ስትጽፍ የማየው አንተን ነው።

ሊቁ፦ የምጽፈው ትርጉሙን ነዋ! ተርጓሚ ማለት ከራሱ አንዲት ቃል የማይጨምር ሰው ነው።

ሰፊው፦ አንዲትም?

ሊቁ፦ ነጥብ እንኳ!

[ሰፊው አፍሮ ዓይኑን ወደ ስክሪኑ መለሰ። ልጅቷ መድረክ ላይ ወጥታ ፒያኖው ጋ ተቀመጠች። አጠገቧ ሌላ ወንበር አለ።]

ሰፊው፦ ያ ባዶ ወንበር ለማን ነው?

ሊቁ፦ ለሟቹ መታሰቢያ። ረቂቅ ነገር ነው፣ አንተ አይገባህም።

ሰፊው፦ በሩ ላይ ጃንጥላ የሚያራግፈውስ?

ሊቁ፦ [ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ] እ… መንፈሱ ነው።

ሰፊው፦ መንፈስን ዝናብ ይመታዋል እንዴ?

ሊቁ፦ ጋሼ፣ ይሄ ምሳሌያዊ ነው!

ሰፊው፦ ቲኬት ቆራጯ ቲኬቱን ልትቀበለው እጇን ዘረጋች።

ሊቁ፦ እሷም ምሳሌያዊ ናት።

ሰፊው፦ ኪሱን ዳብሶ ሰጣት። ቆርጣ ግማሹን መለሰችለት።

[ወጣቱ ቫዮሊኑን አውጥቶ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወንድምና እህት አብረው መጫወት ጀመሩ። ሰፊውን ደስታ አቅሉን አሳተው።]

ሰፊው፦ በሕይወት አለ! ተመስገን! አንተ ግን ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?

ሊቁ፦ ጋሼ… ዘጠነኛው ክፍል ላይ ስልክ ተደውሎላት አላለቀሰችም?

ሰፊው፦ አልቅሳለች እንጂ! “ወንድምሽ ሞተ” አሏት።

ሊቁ፦ ሰውየው የተናገረው በጣም ፈጥኖ ነበር። የእኔ ጃፓንኛ ደግሞ… እዚያ ድረስ አይሄድም። እሷ ታለቅሳለች፣ ፒያኖው ያላዝናል። ከሞት ሌላ ምን ሊሆን ይችላል ብዬ…

ሰፊው፦ ገደልከው?

ሊቁ፦ አሁን ሳስበው፣ “ሙዚቃ ተወ” ነው ያሏት መሰለኝ።

ሰፊው፦ ቆይ፣ አሥራ አምስተኛው ክፍል ላይ ከማን ጋር ነበር የምታወራው?

ሊቁ፦ ከእሱ ጋር። እኔ ግን ለነፍሱ እየጸለየች ነው ብዬ ጻፍኩ።

ሰፊው፦ በስልክ?!

ሊቁ፦ አንዴ ከገደልኩት በኋላ ምን ላድርግ! ስንት ሺህ ሰው አልቅሶለታል። አምስት ደቂቃ ቀረኝ… መንታ ወንድሙ ነው ልበል?

ሰፊው፦ ገድለህ ሳትጨርስ ደግሞ ልትወልድ ነው? ስማኝ የኔ ወንድም፣ እኔ የዚያን ሱሪ ባለቤት “አዲስ ፋሽን ነው” አላልኩትም። ይቅርታ ጠይቄው ተረተርኩት።

ሊቁ፦ አንተን ያየህ አንድ ሰው ነው! እኔ ይሄን ካመንኩ በኋላ ማን ያምነኛል?

ሰፊው፦ እኔ አለሁ አይደል?

[ሊቁ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረ። ከዚያ ስሙን አጥፍቶ በቦታው ሌላ ነገር መጻፍ ጀመረ። ሰፊው መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ ያነባል።]

ሰፊው፦ “የተርጓሚው ማስታወሻ። ወንድሟ አልሞተም። የገደልኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ።”

ሊቁ፦ [ክፍሉን ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው] እንዴት ነው?

ሰፊው፦ [ትከሻውን መታ መታ እያደረገው] እኔ ጃፓንኛ አልችልም። ግን ይቺ በትክክል የተተረጎመች ትመስለኛለች።