የማይረገጠው ብረት

ግባ፣ ባጃጄ ውስጥ ግባ! ኮሌታዬን አትየው፤ ገና አሁን ከዘበኛው እጅ ማስለቀቄ ነው። ጥፋቴ? ብረት ረገጥኩ። ነገም እረግጣለሁ።

የከሚሴ ሰው ሆነህ ድልድዩ አፍ ላይ የተነጠፈችውን ብረት አታውቃትም? ባለሙያዎች መጥተው፣ ጎርፍ ሲመጣ የሚጮህ ሳጥን ድልድዩ ላይ ሰቀሉልን። መብራታችን እንደ ቸኮለ እንግዳ ብቅ ብሎ ስለሚሄድ፣ ሳጥኑ ጉልበቱን ከእግራችን እንዲያገኝ አደረጉት። ብረቷን ስትረግጣት ዝቅ ትላለች፣ ከሥሯ ኤሌክትሪክ ይመነጫል፣ ባትሪው ይሞላል። በቃ! እርምጃህ ቀለቡ ነው። ይህንንም በማይክ ነግረውናል። ጭብጨባው በዝቶ ማን ሰማ?

ደግሞ እኛ ጨዋዎች ነን። ጋሽ ሁሴን፣ የመንግሥት ዕቃ ጭቃ እንዳይነካው ብለው ጫማቸውን አውልቀው ዘለሏት። ሽማግሌ የዘለለውን ማን ይረግጣል? ከተማው ሁሉ ዝላይ ተማረ። የቀበሌው ሊቀመንበር ይባስ ብለው ዙሪያዋን በእሾህ አሳጥረው ዘበኛ አቆሙላት። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይባላል። እኛን ሊወስደን የነበረው ግን አጥረን ስንጨርስ ነው።

ዛሬ ባጃጄን አቁሜ ወደ ደጋው ቀና ስል ሰማዩ ከል ለብሷል። የሳጥኑ መብራት ጠፍቷል። አክስቴ ፋጡማ ከድልድዩ ታች፣ ደረቁ አሸዋ ላይ ማንጎዋን ዘርግታለች። ተነሺ ብላት፣ ሳጥኑ ሳይጮህ ምን አስነሳኝ አለችኝ። አምናዋለች እኮ!

እሾኹን ነቅዬ ጣልኩና መርገጥ ጀመርኩ። ዘበኛው ኮሌታዬን ያዘ። አልወርድም አልኩ። ግን የኔ ሁለት እግር ምን ሊፈይድ? በዚህ መሃል ወደ ሰንበቴ ገበያ ፍየሎች የሚነዳ ነጋዴ ብቅ አለ። «ኮቱ! ኮቱ አቦ፣ ና በዚህ ንዳ!» ብዬ ጮህኩ። ወላሂ፣ ያ ሁሉ ሰኮና ሲያልፍባት ሳጥኑ ዓይኑን ገለጠ። ዘበኛው ፍየል ይያዝ ወይስ እኔን?

ቆየት ብሎ ሳጥኑ ጮኸ። አክስቴ ማንጎዋን ጥላ ሽቅብ ሮጠች። ከኋላዋ ጎርፉ አሸዋውን ሞላው። ማንጎው ሄደ፣ እሷ አለች፤ አልሃምዱሊላህ።

ሊቀመንበሩ እያለከለኩ ደረሱ። ሊያመሰግኑኝ መስሎኝ የተቀደደ ኮሌታዬን አስተካከልኩ። እሳቸው ጎርፉንም አላዩ፣ አክስቴንም አላዩ። ጎንበስ ብለው ብረቷን አዩና፣

«አንተ ልጅ፣ ይህን ሁሉ የፍየል በጠጥ ማን ሊጠርገው ነው?»