ምርጫውን ሁሉ የሚያነብ ሰው

አንባቢ ሆይ፣ ኮምፒውተር «ይሄንንም ልጨምር?» ሲልዎ አንብበው ያውቃሉ? እኔ ሁሉንም «አዎ» ብዬ አልፋለሁ። ጅግጅጋ ላይ ግን የሚያነብ ሰው አየሁ፤ ጓደኛዬ ኢድሪስ ነው።

ነጋዴው ዩሱፍ ከቀብሪበያና ከሌሎች ገበያዎች የሚላክለትን የፍየል ዋጋ፣ የሁሉንም ገበያ መስመር በአንዴ እየጠበቀ የሚቀበል ፕሮግራም አሠራ። ፕሮግራሙ የሚቆምበትን ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች የጻፉትን ዝግጁ ኮድ፣ በሱቁ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ መገንባት የኢድሪስ ሥራ ነበር። ገበያው ነገ ጠዋት ነው፤ መብራት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይሄዳል።

«ዋርያ፣ ጀምረው እንጂ!» አለ ዩሱፍ።

ኢድሪስ ግን ከግንባታው በፊት የሚመጡትን ምርጫዎች አንድ በአንድ ያነብ ነበር። «የማሳያ ፕሮግራሞቹ ምን ያደርጉልናል? ይጥፉ። የመሞከሪያዎቹስ? ይጥፉ። ምስጠራው... የፍየል ዋጋ ምስጢር ነው እንዴ?»

«ነው እንጂ!»

«እንግዲያው ይግባ።»

ሚኒባስ ካልሞላ በማይነሳበት ከተማ፣ ባዶ ወንበር ይዞ የሚነሳ ሾፌር አይተዋል? እኔ ያን ቀን አየሁ። ለወትሮው ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጀው ግንባታ፣ ትርፉ ስለተተወ ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። የቀብሪበያው የሙከራ መልእክት ገባ፣ ዩሱፍ አጨበጨበ፣ ወዲያው መብራት ሄደ።

ዩሱፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ፦ «መብራቱንም አንተ ነህ ያጠፋኸው?»

ኢድሪስ ትንሽ አሰበ። «አይደለሁም» አለ። «እሱ ከምርጫዎቹ ውስጥ አልነበረም።»

ከዝርዝሩ ውስጥ ፈልጎት እንደነበር ግን አልጠራጠርም።