የመኝታ ቤቴ በር ለምን ሰፋ?

ሳሎኑን የሚያድስ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ እንግዳ ያይለታል። የውጭ ግንቡን ኖራ የሚቀባም ግልጽ ነው፤ ጎረቤት ያይለታል። ጣራውን ለሚጠግንማ ዝናቡ ራሱ ምስክር ይቆምለታል። ነገር ግን ማንም የማያየውን፣ አንድ ሽማግሌ ብቻውን እያንኮራፋ የሚያድርበትን መኝታ ቤት «ላድስልዎ» ብሎ የሚነሣ ሰው ሲያጋጥማችሁ፣ እባካችሁ ወገኖቼ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ከማለታችሁ በፊት ጥቂት አስቡ። እኔ አስቤአለሁ። ማሰብ ብቻም አይደለም። ጠርጥሬአለሁ።

«ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» ያሉት አበው ያለ ነገር አልተናገሩም። ደግሞስ በእኔ አትፍረዱ፤ በልጅነቴ ቅኔ ቤት የገባሁ ሰው ነኝ። የቅኔ ተማሪ ሰም ሲሰጡት ወርቅ ፍለጋ የሚቆፍር ፍጥረት ነው፤ «እንደምን አደሩ» ቢሉት እንኳ «ምን ማለታቸው ይሆን?» እያለ ቁርሱ ይቀዘቅዝበታል። ይህ ሙያ ለማኅሌት እጅግ ያምራል፤ ለቤት ኑሮ ግን አይመችም። ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና ጠባዬን ስለምታውቅ፣ «ዛሬ ወጡ ጨው በዝቶበታል» ካለችኝ በኋላ «ሰም ብቻ ነው፤ ወርቅ የለውም» ብላ ትጨምርልኝ ነበር።

ቤታችን ጀጎል ውስጥ ነው፤ አያቴ ከሸዋ መጥተው በደብሩ ሲያገለግሉ የገዙት የድንጋይ ቤት። ግድግዳው ከክንድ በላይ የወፈረ ነው። መኝታ ቤቶቹ ከላይ ናቸው፤ የእኔው በር ደግሞ ጠባብም አጭርም ስለሆነ፣ ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ወደ ጎን ያላዞረ ሰው አይገባበትም። እኔ እወደው ነበር። «ወደ ቤተ መቅደስ እንደሚገባ ሰው ራስን ዝቅ ማድረግን ያስተምራል» እያልኩ ስንቱን እንግዳ መክሬበታለሁ። ግንባሩን የተመታ እንግዳ ግን ምክሬን በደስታ ሲቀበል አላየሁም።

አንድ ጠዋት ከቅዳሴ ስመለስ፣ አብራኝ የምትኖረው ልጄ ወይንሸት ደረጃው ሥር ጠበቀችኝ።

«አባዬ፣ መኝታ ቤትዎን ላሳድስልዎ ነው።»

«ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም።»

«ምንም ካልሆነ ምኑ ይታደሳል?»

«ልስኑ ረግፏል። በሩም ትንሽ ይሰፋል።»

«በሩ ለማን ይሰፋል? እኔ እንደሆንኩ እያደር እየከሳሁ ነው።»

ዝም አለች። ወገኖቼ፣ ይህች ልጅ በገበያ ቀን አንድ መቶ ሰው የሚያወራውን ብቻዋን የምታወራ ናት። ዝም አለች!

በማግስቱ ግንበኛው ዩሱፍ መጣ። የረገፈውን ልስን ያያል ብዬ ስጠብቅ ቀና ብሎም አላየው። ሜትሩን መዘዘና በሩን ለካ፤ ወርዱን፣ ቁመቱን፣ እንደገና ወርዱን። ከዚያ ዘወር ብሎ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«አቦ አባባ፣ እስቲ ቀጥ ብለው ይቁሙልኝ።»

ሜትሩን ከተረከዜ ጀምሮ ወደ ላይ ዘረጋው። ራሴ ላይ ሲደርስ እጁን አቆመና ወደ ልጄ ዞረ።

«ከነጥምጣማቸው ነው ያለ ጥምጣማቸው?»

«ከነጥምጣማቸው» አለች።

ከነጥምጣሜ መሆኑ ትንሽ አጽናናኝ። ቢያንስ በክብር ነው ማለት ነው።

እናንተ «ምን አለበት፣ ራስዎን እንዳይመቱ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን የማውቀው ነገር አለኝ። ባለቤቴ ያረፈችው በዚያው ክፍል ነው። የሬሳ ሳጥኑ ሲመጣ በበሩ አልገባም አለ። በቁሙ ተሞከረ፤ በጎኑ ተሞከረ፤ እምቢ። በመጨረሻ በጋቢዋ ጠቅልለን በደረጃው አወረድናት፤ ሳጥኑ ታች ግቢው ውስጥ ቆይቶ ተቀበላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰፊ በር ለምን እንደሚያስፈልግ ለእኔ የሚነግረኝ ሰው አያሻኝም።

ጭንቀቴን ይዤ ወደ ፈረስ መጋላ ወረድኩ፤ ወደ ሐጂ ኡመር የጨርቅ ሱቅ። ሐጂ ከልጅነት ጀምሮ ጎረቤቴ ነው። ክፉ ዜና ሲሰማ የሚያሳዝን ፊት አለው፤ የሚያጽናና አፍ ግን የለውም።

«ቁመትህን ለኩህ?»

«ከነጥምጣሜ።»

ከንፈሩን መጠጠ። «ወላሂ መሪጌታ፣ ይሄ ጥሩ አይደለም። የኛ ቃሬዛ ዘንበል ሲያደርጉት ይሄዳል። የናንተ ሳጥን ግን ግትር ነው። ልጅህ አርቃ የምታስብ ናት።»

«አንተ ሰው፣ አጽናናኝ እንጂ!»

«አጽናናሁህ እኮ! ትከሻህ ሳይላላጥ ትወጣለህ።»

እንግዲህ ግድግዳው ሲፈርስ እኔ ከጎን ባለው ክፍል ተኝቼ የመዶሻውን ድምፅ እንደ ደወል እየቆጠርኩት ሰነበትኩ። ወይንሸት መጥታ «ቀለሙ ነጭ ይሁን ወይስ የሀገሩ ቀይ አፈር?» ስትለኝ፣ ነጭ የሚለውን ቃል ስሰማ የታየኝ መገነዣው ነው። «ቀይ!» ብዬ ጮኽኩ። ደነገጠች።

በሩ ያለቀ ዕለት ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስገባ ሆኖ አገኘሁት። ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም።

«ልጄ፣ ሳጥኑንስ አዘሽዋል?»

«የምን ሳጥን?»

«የእኔን።»

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ በመሐል ቆመና አዲሱ ደፍ ላይ ቁጭ አለች።

«አባዬ፣ እርስዎ የሚያስታውሱት ሳጥኑን ነው። እኔ የማስታውሰው ቃሬዛውን ነው።»

«የምን ቃሬዛ?»

«እርስዎ ያን ዕለት ማኅሌት ላይ ነበሩ። አምቡላንሱ መንገዱ ጠብቦት ከውጭ ሲቆም፣ ሰዎቹ ቃሬዛውን ይዘው እየሮጡ ደርሰው ነበር። እማዬ ገና ትናገር ነበር። ‹ጫማዬን አምጪልኝ› ብላኛለች። በዚህ በር ግን ቃሬዛው አልገባም። በወንበር እናውርዳት፣ የለም በአንሶላ ይሻላል ስንባባል...»

አልጨረሰችውም። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠራረገች።

«ለምን ሳትነግሪኝ ኖርሽ?»

«ምን ይረባዎታል ብዬ። ለሬሳማ ምን ቸገረን አባዬ፤ ሬሳ አይቸኩልም። በሩን ያሰፋሁት በሕይወትዎ እንዲወጡበት ነው።»

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቃል ስቆፍር ኖሬአለሁ። ይህን ግን የምቆፍርበት አልነበረኝም። አጠገቧ፣ ያንኑ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሰፊ ነው፤ ለሁለት ይበቃል።

አሁን ክፍሌ ቀይ አፈሩን ተቀብቶ ሙሽራ መስሏል። ጥምጣሜ ጉበኑን ሳይነካ ያልፋል። እኔ ግን አሁንም ጎንበስ ብዬ፣ ትከሻዬን ወደ ጎን አዙሬ ነው የምገባው። ዩሱፍ ይህን አይቶ፣ ወገቤን ያመመኝ ይሆን ብሎ ልጄን በስውር ጠይቋታል አሉ። ጥርጣሬ እንዲህ ነው፤ ከአንዱ ቤት ሲያስወጡት ሌላ ቤት ያንኳኳል።

ማንኳኳቱንስ ዛሬ አየሁት። ከሰዓት በኋላ ሐጂ ኡመር ፊቱ አመድ መስሎ መጣ።

«መሪጌታ፣ ጉድ ሆኛለሁ! ልጄ ፋጡማ ያንን ግንበኛ መኝታ ቤቴ ድረስ አመጣችው። ምን ሆነ ብላት፣ ምንም አልሆነም ትለኛለች።»

ወይንሸትና ፋጡማ ከሰሞኑ ደጃፍ ላይ ቆመው ብዙ ሲነጋገሩ አይቻቸው ነበር። ነገሩ ወዲያው ገባኝ።

«ቁመትህን ለካህ?»

«ከነኮፍያዬ!»

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ደርሶ ነበር። ይሁን እንጂ ከንፈሬን ቀስ ብዬ መጠጥኩ።

«ወዳጄ፣ ይሄ ጥሩ አይደለም» አልኩት።

ነገ ከቅዳሴ መልስ ሱቁ ድረስ ሄጄ ሁሉንም እነግረዋለሁ። ዛሬን ግን እሱም እንደ እኔ ጣራ ጣራውን ሲያይ ይደር።