ጠበል የጠጣው ግድግዳዬ

ዝናብ ሲጀምር ከቤቱ የሚወጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከጎጃም መጥቼ አዳማ ከከተምኩ ወዲህ አይቻለሁ፤ ጎረቤቴ ጋሽ ገመቹ ናቸው። ሰው ወደ መጠለያ ሲሮጥ እሳቸው የሰፈሩን ጣራ ሊጎበኙ ይወጣሉ። ሚኒስትር እንኳ ፕሮጀክት እንዲህ አይጎበኝም። ጃንጥላ ይይዛሉ፤ ግን ሲያንጋጥጡ ወደ ኋላ ስለሚያጋድሉት በስብሰው ይመለሳሉ።

ባለፈው ክረምት የመኝታ ቤቴ ግድግዳ ተሰነጠቀ። ቤቱ ሊወድቅብኝ ነው ብዬ ፈራሁና ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ጠዋት ጠዋት ስንጥቁን ጠበል እረጨው ጀመር። እሱ ግን እየሰፋ ሄደ። ሲጨንቀኝ ጋሽ ገመቹን ጠራኋቸው። ስንጥቁን በቅጡ ሳያዩ ወጥተው አሸንዳውን አዩ። ለካ የጣራው ውሃ በሙሉ የሚወርደው ግድግዳው ሥር ነው።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ውሃ ጠጥቶ ለታመመ ግድግዳ ውሃ ትጨምሪለታለሽ?»

«ጠበል እኮ ነው ጋሼ።»

«ጠበሉን አንቺ ጠጪው። ለሱ ቱቦ ይበቃዋል።»

ያኑ ዕለት ቱቦ ቀጥለው ውሃውን ከመሠረቱ አርቀው ግቢዬ ውስጥ ወዳለው ፓፓያ መሩት። ስንጥቁ ባለበት ቆመ። ዘመድ በሌለኝ አገር ዘመድ የሰጠኝ አምላክ ይመስገን። አሁን ዝናብ ሲጀምር ለቤቴ አልጸልይም። የምጸልየው ጋሽ ገመቹን ጉንፋን እንዳይዛቸው ነው።