«ደንብ ይውጣለት» ባዩ ጓድ አለኸኝ

ማህበር ባለበት ሁሉ አንድ ደንብ አውጪ አይጠፋም። ዕድርም ይሁን ጽዋ፣ ሰው ገና ተሰብስቦ ሳይቀመጥ ጉሮሮውን የሚጠርግ አለ። በደርግ ጊዜ ለእኛ ለቁሐር ሚካኤል የገበሬ አምራቾች ማህበር የደረሰን ክቡር ጓድ አለኸኝ ነበር። ሊቀመንበሩ እኔ፤ የሚሰማው እሱ።

የሩዝ እርሻችን ሲሰፋና አባሉ ሲበዛ ጭቅጭቁም በዛ። አረም ላይ በሚያረፍደው ሁሉ ስጮህ ከርሜ ድምፄ ተዘጋ። አለኸኝ ተነሣና «ደንብ ይውጣለት! ያረፈደ ውሃ የተኛበትን ማሳ ይረም» አለ። በማግስቱ አልቅት የፈራ ሁሉ ጎሕ ሳይቀድ ተገኘ። አጨበጨብኩ፤ ውስጤ ግን አረረ።

ደግሞ ሌላ ጊዜ «አራስ ቤቷ ተኝታ ሥራ እንደዋለች ይቆጠርላት» አለ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ የኔዋ እናኑ ከሁሉ አስበልጣ! ጣራችን ሲያፈስ እንኳ «አለኸኝ ቢሆን ይኸኔ ደንብ አውጥቶለት ነበር» ትለኛለች። ቅናት ሆድ እንደሚበላ ያኔ አወቅሁ።

የባሰው የሚካኤል ነገር ነው። በዓል ብሎ ከሥራ መቅረት ያስጠይቃል፤ በሚካኤል እርፍ የሚጨብጥ ደግሞ ከእኛ ዘንድ የለም። አለኸኝ «ወር በገባ በአሥራ ሁለት የመሣሪያ ማደሻ ቀን ይሁን፤ እድሳቱም በየቤቱ» ብሎ አስወሰነ። ቄሰ ገበዙ ሳይቀሩ መረቁት። እኔን ማን መርቆኝ ያውቃል?

አንድ ሚካኤል ታዲያ ከወረታ ካድሬ መጣ። ማሳው ጭር ብሏል፤ ሰዉ ነጠላውን አጣፍቶ ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳል።

«ይቺን የማደሻ ቀን የምትሏትን ተንኮል ያወጣ ማን ነው?» ብሎ ጮኸ።

አለኸኝ ጉሮሮውን ሊጠርግ ሲል አየሁት። ልጆቹ ገና ጭብጥ አይሞሉም። ቀደምኩት።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ አንዲት ደንብ እንኳ በስሜ ትጠራ ብዬ ነው።

ወረታ ታስሬ ከረምኩ። አረሙ አለፈ፤ አጨዳው ደረሰ። ሥራ ስላልዋልኩ የዓመት ድርሻዬ ቀረ፣ ልጆቼ ምን ሊበሉ ነው እያልኩ ስተክዝ እናኑ ስንቅ ይዛ መጣች። ፊቷ በርቷል።

«አለኸኝ ስብሰባ ጠራልህ» አለችኝ። «በማህበሩ ጉዳይ የታሰረ ሥራ እንደዋለ ይቆጠርለት አለ። እጁን ያላወጣ የለም።»

«ሌላስ ምን አለ?»

«ምን ይላል፤ አለቀሰ እንጂ።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። አይ አለኸኝ! ምናለ ይህችን እንኳ ለኔ ብትተውልኝ?