ቅጠሉ ግንባራቸውን እየዳበሰ

ዕውቀቱን ካላሳየ የሚያመው ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? በአብዮቱ ዘመን ጎረቤታችን የነበሩት የደን ባለሙያው አቶ ጌታነህ እንዲህ ነበሩ። በጅማ ጥቅጥቅ ደን ቅጠሉ ከዐይን ስለሚርቅ፣ ዛፍ የሚለየው ቅርፊቱን በቢላ ፋቅ አድርጎ፣ ቀለሙን አይቶና ሽታውን አሽትቶ ነው። ዕፅዋት ያጠናሁ በመሆኔ ይህን ሥርዓት አከብራለሁ። እሳቸው ግን ጉለሌ ከገቡም በኋላ፣ ቅጠሉ ግንባራቸውን እየዳበሰ፣ ቢላቸውን ይመዙ ነበር።

የእሑዱ የቀበሌ ስብሰባ ሲያበቃ እንግዳ ካገኙ፣ የሚወስዱት ወይዘሮ አስካለ ግቢ ወዳለው ጥቁር እንጨት የሚባል ዛፍ ነው። ዛፉን በልጅነቱ የተከለው የወይዘሮዋ ልጅ ነበር፤ ወደ ጦር ግንባር ሲሄድም አደራ ብሏቸዋል።

«ኧረ አቶ ጌታነህ፣ ዛፉ ባለፈው እሑድ የነገረዎትን ዛሬም ይጠይቁታል?» ይላሉ ወይዘሮ አስካለ።

«አንዴ ብቻ፣ እመቤቴ! ያሽትቱት እስቲ፣ ጓድ!»

ምን ያደርጋል! «አንዴ ብቻ» እየተባለ የተፋቀው ቦታ ሁሉ እርስ በርሱ ተገናኝቶ ግንዱን እንደ መቀነት ዞረው፤ ቅርፊቱ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ አይተርፍምና ቆሞ ደረቀ።

ወይዘሮ አስካለ ግንዱን ደገፍ ብለው፣ «ልጄ ሲመጣ ምን ልበለው?» አሉ።

አቶ ጌታነህ ያን ጊዜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀና ብለው ቅጠል ፈለጉ።