መጽሐፍ የሚያከብሩ ሰው

መጽሐፍ የሚያከብር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጂንካ ሳስተምር አጋጥሞኛል። የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ጋሽ በቀለ፣ መጽሐፍ ከማክበራቸው የተነሣ የመጻሕፍቱን ቁም ሳጥን ቁልፍ ከአንገታቸው አያወልቁም ነበር። «ተማሪ ከነካው ይቀደዳል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ያልተነበበ መጽሐፍ መቼ ተቀዶ ያውቃል?

የንባብ ቀን ሲከበር ግን እንግዶች ስለመጡ ቁም ሳጥኑ ተከፈተ። ለፎቶ መነሻ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ መጽሐፍ ታደለን። የክብር እንግዳው ስለ «ንባብ ባህል ፕሮሞሽን» አንድ ሰዓት ሙሉ ሲናገሩ፣ ከካኮ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማረው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ ምሕረት የያዘችውን ገልጣ ማንበብ ጀመረች።

ጋሽ በቀለ እየሮጡ መጡ። «አንቺ ስድ! ስለ ንባብ እየተነገረ ታነቢያለሽ?»

ንግግሩ አልቆ መጽሐፍ ሲሰበሰብ ምሕረት የእሷን አልሰጥም አለች።

«ጋሼ፣ ግማሽ ላይ ደርሻለሁ። ነገ ጠዋት ልመልስልዎት?»

«ምን አስቸኮለሽ? የዛሬ ዓመት የንባብ ቀን ትጨርሺዋለሽ» ብለው ከእጇ ነጠቋት።

የዛሬ ዓመት እሷ እዚያ ትምህርት ቤት የለችም። ዞር ብላ እኔን መምህሯን አየችኝ። እኔ ምን አልኩ? የያዝኩትን መጽሐፍ አስረከብኩ። ርዕሱን እንኳ አላየሁትም ነበር።